ከፊት የሚሄደው ሰው፦ የመኪና መብራትና የመንገድ መሪ ረጅም ታሪክ

አማርኛችን «መሪ» የሚለውን ቃል ለብዙ ነገር ይሠራበታል። አገር የሚያስተዳድረው መሪ ነው፤ ሹፌር የሚጨብጠው ክብ ነገር መሪ ነው፤ በማናውቀው አገር ከፊታችን እየሄደ መንገድ የሚያሳየንም መሪ ነው። ስለ መጀመሪያው ብዙ ተጽፏል፣ ሁለተኛው በየቀኑ በእጃችን ነው። እኔ ማንሳት የፈለግሁት ሦስተኛውን ነው፦ ሞተር ከመጣ ወዲህ ቀስ በቀስ ከመንገድ የወረደውን፣ ችቦው ወደ መኪናው ግንባር፣ ዕውቀቱ ወደ ዳሽቦርዱ የገባበትን ሰው። (ቀኖቹም ዓመቶቹም በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው፤ የእኛ ሲሆን ዓ.ም. እላለሁ።)

ከሞተር በፊት ሌሊት የመንገድ ድንበር ነበር። አባቶቻችን ሲመሽባቸው ያገኙትን ደጅ ይጠሩ ነበር። «የመሸበት የእግዜር እንግዳ» ማለት በር ያስከፍታል፤ ከውስጥ «ቤት የእግዜር ነው» የሚል ድምፅ ይመጣል፤ እግር ይታጠባል፣ እራት ይቀርባል። ጨለማው ጉዞን ሲያቋርጥ ዝምድናን ይቀጥል ነበር ማለት ነው። በለንደን ደግሞ የመንገድ መብራት ከመስፋፋቱ በፊት ጥቂት ሳንቲም ተቀብለው፣ ችቦ ይዘው ከእግረኛ ፊት የሚሄዱ ድሃ ልጆች ነበሩ። ከእነሱ መካከል ደንበኛቸውን ጨለማ ቅያስ ውስጥ አስገብተው ለቀማኛ ያስረክባሉ ተብለው የሚታሙ አልጠፉም። መሪን ማመን ያኔም ቀላል አልነበረም።

የመብራቱን ወገን በቃል ልጀምር። ፈረንሳዮች የመኪና የፊት መብራትን «ፋር» ይሉታል፤ ጣሊያኖች «ፋሮ»። ሁለቱም የወጡት በእስክንድርያ ወደብ ፊት ከነበረችው የፋሮስ ደሴት ነው፤ ጥንታዊው የባሕር መብራት ማማ የቆመው እዚያ ነበር። የእኛ «ፋኖስ» ስሙ ቢመሳሰልም ሌላ ሥር አለው፤ በዐረብኛ በኩል አልፎ ከግሪክኛ የደረሰን ቃል ነው። ቃሉ ብቻ አይደለም የተወረሰው። በ1823 ፈረንሳዊው ኦጉስተን ፍሬኔል በኮርዱዋን የባሕር ማማ ላይ ቀለበት በቀለበት የተደረደረ መስታወት አስገጠመ፤ ወደ ጎን ይባክን የነበረው ብርሃን ተሰብስቦ ወደ አድማሱ መጓዝ ጀመረ። በአሮጌ መኪና የፊት መብራት መስታወት ላይ ጣትዎን ቢያሳልፉ የሚያገኙት ሽንትር የዚያ አስተሳሰብ ዘመድ ነው፦ ብርሃንን ማብዛት አንድ ነገር ነው፣ ብርሃንን ወደሚፈለግበት መላክ ሌላ።

በ1865 የእንግሊዝ ፓርላማ በመንገድ ላይ የሚሄዱ የእንፋሎት ተሽከርካሪዎችን የሚገዛ ሕግ አወጣ። ፍጥነታቸው በከተማ በሰዓት 2 ማይል፣ በገጠር 4 ማይል እንዳያልፍ፣ ከፊታቸውም 60 ያርድ ያህል ቀድሞ ቀይ ባንዲራ የያዘ ሰው እንዲሄድ አዘዘ። ዛሬ ይህ ሕግ የሚነሳው ለመሳለቂያ ነው። እኔ ግን አልስቅበትም። ሕግ አውጪዎቹ ማሽኑ አይን እንደሌለው ስላወቁ አይን ያለው ሰው ከፊቱ አቆሙለት፤ ያ ሰው የቆመው ደግሞ ለተሳፋሪው ብቻ ሳይሆን ከወዲያ ፈረስ ይዞ ለሚመጣውም ነበር። በዚያው ዓመት ለንደን ለሠረገላ ነጂዎቿ «ዕውቀቱ» ተብሎ የሚጠራውን ፈተና መስጠት እንደጀመረች ይነገራል፤ ነጂው የከተማዋን መንገዶች በቃሉ ካልያዘ ፈቃድ አያገኝም። እንግዲህ በአንድ ዘመን አንዱ ሕግ የመንገድ መሪውን እጅ፣ ሌላው ራሱን ጠየቀ ማለት ነው። ከፊት የሚሄደው ሰው በ1896 ከመንገድ ወረደ። ፈተናው ዛሬም አለ።

የመጀመሪያዎቹ መኪኖች የሠረገላ ፋኖስ ነው የወረሱት፤ በሻማ ወይም በዘይት የሚነድ፣ ግራና ቀኝ የተንጠለጠለ። አሽከርካሪው በእሱ የሚያየው ነገር አልነበረም። ፋኖሱ የተሰቀለው ለማየት ሳይሆን ለመታየት ነው፦ «እዚህ ነኝ፣ እንዳትገጨኝ» ለማለት። ይህችን ነገር በልብዎ ያኑሩልኝ፤ መጨረሻ ላይ እንመለስባታለን።

ከዚያ አሴቲሊን መጣ። በ1892 በሰሜን ካሮላይና ቶማስ ዊልሰን የተባለ ሰው ሌላ ነገር ሲፈልግ ካልሲየም ካርባይድን በብዛት ማምረት የሚቻልበትን መንገድ አገኘ። ካርባይድ ግራጫ ድንጋይ ነው፤ ውኃ ሲነካው እየተንጨረጨረ ጋዝ ይተፋል። የጋራዥ በያጆቻችን በደንብ ያውቁታል፤ ያን ነጭ ሽንኩርት የመሰለ ሽታ አንዴ ያሸተተ አይረሳውም። የመኪናው መብራት የሚሠራው እንዲህ ነበር፦ ከላይ ውኃ፣ ከታች ካርባይድ የያዘ የነሐስ ዕቃ አለ። ሹፌሩ ቧንቧውን በጥቂቱ ይከፍታል፤ ውኃው ጠብ ጠብ ይላል፤ ጋዙ በጎማ ቱቦ ወደ መብራቱ ይሄዳል። ከመኪናው ወርዶ የመብራቱን በር ይከፍትና ክብሪት ይጭራል። ነፋስ ካላጠፋበት ነጭ፣ ጠንካራ ነበልባል ከመስታወቱ ፊት ይቆማል። ውኃው ከበዛ እሳቱ ይዘላል፤ ብርድ ከጠና ውኃው ይረጋል። ጠዋት ደግሞ ከዕቃው ሥር የቀረውን ኖራ የመሰለ ጭቃ መጥረግ አለ። ያም ሆኖ የሰው ልጅ በፍጥነት እየሄደ ከፊቱ ያለውን መንገድ በሌሊት ማየት የጀመረው በዚህ ነበልባል ነው።

በዚህ መብራት ከበለጸጉት አንዱ ሉዊ ብሌሪዮ ነው። ወጣቱ ፈረንሳዊ መሐንዲስ ፓሪስ ውስጥ የአሴቲሊን የመኪና መብራት እየሠራ ሸጠ፣ ከበረ፤ ያገኘውንም አንድ በአንድ ለሚሰባበሩ አውሮፕላኖች ከሰከሰው። በሐምሌ 25 ቀን 1909 ማለዳ ከካሌ አካባቢ ተነሥቶ የእንግሊዝን ባሕር ወሽመጥ ለመሻገር በረረ። ኮምፓስ አልያዘም። ከታች ትመራው የነበረችውን የፈረንሳይ የጦር መርከብ ቀድሟት አለፈ፤ ከዚያ ዐሥር ደቂቃ ያህል ባሕርና ጉም ብቻ ሆነ፦ ፈረንሳይ ከኋላ የለችም፣ እንግሊዝ ከፊት አትታይም። ነፋሱ ገፍቶት እንግሊዝ ስትገለጥለት ካሰበው ቦታ ርቆ ነበር። ዶቨር አጠገብ ሜዳ ላይ የማረፊያውን ቦታ ያሳየው አንድ ፈረንሳዊ ጋዜጠኛ የአገሩን ባንዲራ እያውለበለበ ነው። ለስንት መኪና ብርሃን የሸጠው ሰው የት እንዳለ ሳያውቅ ተሻገረ፤ ያዳነውም መሬት ላይ ቆሞ ባንዲራ የሚያውለበልብ ሰው ነው። በብርሃንና በአቅጣጫ መካከል ያለውን ልዩነት ከዚህ በተሻለ የሚያስረዳ ምሳሌ አላገኘሁም።

በአሜሪካ ደግሞ ካርል ፊሸር አለ። ከልጅነቱ ጀምሮ አይኑ በጣም ደካማ ነበር፤ ትምህርቱንም በዚሁ ምክንያት አቋርጦ ብስክሌት እየጠገነና እየሸጠ አደገ። በ1904 ከጄምስ አሊሰን ጋር ሆኖ የታመቀ አሴቲሊን በጋን የሚሸጠውን ፕሬስት ኦ ላይት ኩባንያ በኢንዲያናፖሊስ መሠረተ፤ ሹፌሩ ከውኃና ከካርባይድ ጣጣ ዳነ። ፋብሪካው ውስጥ ግን ጋኖች እየፈነዱ ሰው ገድለዋል። ፊሸር ከብርሃን ያገኘውን ገንዘብ በ1909 በኢንዲያናፖሊስ የመኪና ውድድር ሜዳ ላይ አፈሰሰው፤ በ1913 ደግሞ አሜሪካን ከምሥራቅ እስከ ምዕራብ የሚያቋርጠውን የሊንከን አውራ ጎዳና ይዞ ተነሣ። ብሌሪዮ ከመብራት ወደ በረራ፣ ፊሸር ከመብራት ወደ ፍጥነትና ወደ መንገድ። አንድ ነገር ሲበራ ሰው እዚያ ቆሞ አይቀርም፤ ብርሃኑ ከሚደርስበት አልፎ መሄድ ይከጅለዋል።

ኤሌክትሪክ ያን ጊዜም ነበር። በ1898 በአሜሪካ ሃርትፎርድ የተሠራው፣ ኮሎምቢያ የተባለው የኤሌክትሪክ መኪና (አዎ፣ የኤሌክትሪክ መኪና የዛሬ ፈጠራ አይደለም) የኤሌክትሪክ የፊት መብራት ነበረው። ችግሩ አምፑሉ ውስጥ ያለው ክር የመንገዱን መንቀጥቀጥ አለመቻሉ፣ ኃይል የሚያመነጨው ዲናሞም ትልቅና ደካማ መሆኑ ነበር። የተንግስተን ክር ሲመጣ፣ በ1912 የቻርልስ ኬተሪንግ የሞተር ማስነሻና የመብራት ሥርዓት በካዲላክ ላይ ሲገጠም፣ በ1913 ቦሽ ዲናሞውን፣ ባትሪውንና መብራቱን አንድ አድርጎ ሲያቀርብ፣ ክብሪት ይዞ ከመኪና መውረድ ቀረ። ሐሳቡ ከአቅሙ 14 ዓመት ቀድሞ መወለዱ ነው እንግዲህ። ይህ በኋላም ይደጋገማል።

መብራቱ እየጠነከረ ሲሄድ ማንም ያላሰበው ሰው መንገዱ ላይ ብቅ አለ፦ ከፊት ለፊት የሚመጣው። ለእኔ የሚያበራልኝ የእሱን አይን ያጠፋበታል። ከዚያ ወዲህ ያለው የመኪና መብራት ታሪክ በአብዛኛው ይህን ዕዳ የመክፈል ታሪክ ነው ብል ያጋነንሁ አይመስለኝም። በ1910ዎቹ አንዳንድ መኪኖች መብራቱን በሽቦ ስበው ወደ መሬት ያዘነብሉት ነበር። በ1924 ኦስራም ሁለት ክር በአንድ አምፑል ውስጥ ከተተ፤ ዛሬ ረጅምና አጭር መብራት የምንለው ከዚያ ይወለዳል። ቀጥሎ አውሮፓውያን አጭሩን መብራት አጣመሙት፦ በራስ ጠርዝ በኩል እግረኛውን እንዲያሳይ ከፍ ያለ፣ በሚመጣው በኩል ዝቅ ያለ። ብልሃቱ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን መብራቱ የአገሩን የመንዳት ሥርዓት አብሮ ይሸከማል። ስዊድን በመስከረም 3 ቀን 1967 ከግራ ወደ ቀኝ ስትዞር በአገሪቱ ያሉ መኪኖች የፊት መብራታቸውን መቀየር ነበረባቸው፤ አለዚያ ሁሉም በሁሉም አይን ውስጥ ሊያበሩ ነው። እኛም በ1956 ዓ.ም. ከግራ ወደ ቀኝ ተሻግረናል። ዛሬም መሪው በቀኝ የነበረ መኪና መሪው ብቻ ወደ ግራ ተዛውሮ መብራቱ እንደነበረ ሲቀር፣ ማታ ከፊት የሚመጣ ሰው ነው ጣጣውን የሚያየው።

አሜሪካኖች የመረጡት መንገድ ሌላ ነው፤ ትምህርቱም እዚህ ላይ ይጠልቃል። የዚያ ዘመን መብራት ዋና ጠላት አቧራና እርጥበት ነበር፤ ብር የተቀባው አንጸባራቂ በጥቂት ወራት ይጠቁራል፣ ብርሃኑ ይደክማል። ስለዚህ ከ1940 ሞዴል ጀምሮ ክሩ፣ አንጸባራቂውና መስታወቱ በአንድ ላይ የታሸገ፣ 7 ኢንች ስፋት ያለው ክብ መብራት በአገሪቱ ለሚሸጥ መኪና ሁሉ ታዘዘ። መብራቱ ርካሽና አስተማማኝ ነበር፤ በየትኛውም ነዳጅ ማደያ ተገዝቶ ይገጠማል። ለዘመኑ የተባረከ ሕግ ነው። ነገር ግን ሕጉ የወደዳትን አንድ ዕቃ ይዞ ቆመ፣ ዓለም ሄደ። በ1948 ፕሬስተን ታከር በመኪናው ግንባር መካከል ሦስተኛ አይን አስገባ፤ መሪው ሲዞር አብሮ ዞሮ ኩርባውን ያበራል። ከሁለት በላይ የፊት መብራት የሚከለክሉ ክፍለ ግዛቶች ስለነበሩ መሸፈኛ ተሠራለት። ኩባንያው 51 መኪና ብቻ ሠርቶ ወደቀ። በ1967 የሲትሮየን ዲኤስ መብራቶች ከመሪው ጋር መዞር ጀመሩ፤ አሜሪካ ግን የሚዞረውን መብራት አልፈቀደም፣ እዚያ የተሸጠው ዲኤስ ቀጥ ያለ አይን ተገጠመለት። አምፑሉ ብቻ የሚቀየርለት መብራት በአሜሪካ የተፈቀደው በ1980ዎቹ ነው፤ ከታሸገው መብራት ሕግ ከ40 ዓመት በላይ በኋላ።

ስለ ሃሎጅንና ስለ ዜኖን ብዙ አልልም። ሃሎጅን በ1962 በአውሮፓ፣ ዜኖን በ1991 በቢኤምደብሊው 7 ላይ መጡ፤ እያንዳንዳቸው ከቀደመው የበለጠ አበሩ፣ እያንዳንዳቸው የድሮውን አቤቱታ ቀሰቀሱ። የሚገርመኝ የፈረንሳይ ነገር ነው። ፈረንሳይ በ1930ዎቹ አጋማሽ መኪኖቿ ቢጫ የፊት መብራት ብቻ እንዲያበሩ ደነገገች፤ ሰማያዊው የብርሃን ክፍል ቢወገድ አይን አይጎዳም፣ ጉምም አይበተንበትም ተብሎ ታምኖበት ነው። ከ50 ዓመት በላይ ይህን ያዘች። በ1993 ከአውሮፓ ጋር ለመስማማት ተወችው። በዚያው ዓመት በጃፓን ሹጂ ናካሙራ ደማቅ ሰማያዊ ኤልኢዲ አሳየ፤ በኋላም ከኢሳሙ አካሳኪና ከሂሮሺ አማኖ ጋር የ2014ን የፊዚክስ ኖቤል ያስገኘለት ሥራ ነው። ነጭ ኤልኢዲ የሚሠራው ሰማያዊውን ብርሃን በቢጫ ዱቄት አሳልፎ ነው። ፈረንሳይ ሰማያዊውን ማጣራት ባቆመችበት ዓመት ሰማያዊው በጓሮ በር ገባ ማለት ነው። ዛሬ በየአገሩ «የአዲሶቹ መኪኖች መብራት አይን ያጠፋል» የሚለው ሰው የ1936ን ክርክር እንደገና እየጀመረው እንደሆነ የሚያውቅ አይመስለኝም። ፈረንሳዮቹ በሙሉ ትክክል ነበሩ ማለቴ አይደለም፤ ቢጫው የሚቀንሰው ብርሃን የሚሰጠውን ጥቅም ያህል ዋጋ አለው ወይ የሚለው ሲያከራክር የኖረ ነው። ጥያቄው ግን የእነሱ ነበር፣ ተረሳ።

አሁን ወደ ሌላው የመሪው ግማሽ፣ ወደ ዕውቀቱ ልለፍ።

ሮማዊው ቪትሩቪየስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በነበረው ክፍለ ዘመን ስለ አንድ ሠረገላ ጽፏል፦ መንኮራኩሩ ጥርስ ያላቸውን ዘንጎች እያዞረ በየማይሉ አንዲት ጠጠር ወደ ዕቃ ይጥላል፤ ማታ ጠጠሮቹን ቆጥሮ የተሄደውን ማወቅ ነው። በ3ኛው ክፍለ ዘመን በቻይና የዌይ መንግሥት ማ ጁን የተባለ ሊቅ በላዩ የሰው ምስል የቆመበት ሠረገላ ሠራ፤ ሠረገላው ወደ የትም ቢታጠፍ የምስሉ እጅ ወደ ደቡብ እንደጠቆመ ይቀራል። ማግኔት የለውም። የግራና የቀኝ መንኮራኩር ልዩነትን በጥርስ እያሰላ ነው ተብሎ ይታመናል። ስንት ሄድሁ? ወደየት ታጠፍሁ? ከዚህ በኋላ ያለው ሁሉ በእነዚህ ሁለት ጥያቄዎች ላይ የተገነባ ነው።

በ1909፣ ብሌሪዮ ያለ ኮምፓስ በተሻገረበት ዓመት፣ በኒው ዮርክ «የጆንስ ሕያው ካርታ» የሚባል ዕቃ ይሸጥ ነበር። የነሐስ ሳህን የመሰለ ነገር ነው፤ በውስጡ ክብ ወረቀት ይገባል፣ በወረቀቱ ዙሪያ «እዚህ ላይ ወደ ግራ»፣ «ድልድዩን ተሻገር» ዓይነት መመሪያ በየማይሉ ታትሟል። ከጎማው የሚመጣ ገመድ ወረቀቱን ያዞረዋል። አንዱ ክብ ሲያልቅ ሌላ ይለወጣል። ጎማው ከተንሸራተተ ወይም ሹፌሩ ዘመድ ሊጠይቅ ከመንገድ ከወጣ ወረቀቱ ስለማያውቅ መሪነቱ ይጠፋል። በ1930ዎቹ የጣሊያኑ ኢተር አውቶ ይህንኑ በሚጠቀለል ካርታ ሠራው፤ የመኪናውን ፍጥነት እየተከተለ ይተረተራል። እንግዲህ ዳሽቦርድ ላይ የሚንቀሳቀስ ካርታ የኮምፒውተር ልጅ አይደለም፤ ኮምፒውተር ሲመጣ ካርታው ሲጠብቀው ቆይቷል።

በ1981 ሆንዳ በአኮርድ መኪናው ላይ ኤሌክትሮ ጋይሮኬተር የሚባል አስገጠመ፤ የሂሊየም ጋዝ ፍሰትን ተጠቅሞ መታጠፍን የሚለካ፣ ከጎማው ርቀት የሚቆጥር፣ መኪናው ያለበትን በትንሽ ስክሪን ላይ በነጥብ የሚያሳይ። ካርታው ግን ስክሪኑ ላይ የሚለጠፍ ብርሃን አሳላፊ ፕላስቲክ ነው፤ ሹፌሩ እያወጣ እያስገባ ይለዋውጠዋል። ማ ጁንን ያየ ሰው የቤተሰቡን መልክ አያጣውም። በ1985 የወጣው የካሊፎርኒያው ኢታክ ግን አንድ እርምጃ ጨመረ። የሠራው ስታን ሃኒ በባሕር ላይ የጀልባ ውድድር መንገድ መሪ ነው፤ ገንዘቡን ያገኘው የአታሪ መሥራች ከነበረው ከኖላን ቡሽኔል ነው። ስሙን የወሰደው ከሰላማዊ ውቅያኖስ ደሴተኞች የባሕር ጥበብ ነው። በእነሱ አስተሳሰብ ታንኳዋ ቆማለች፤ ደሴቶቹ ናቸው ወደ እሷ የሚመጡትና የሚያልፏት። በኢታክ ስክሪን ላይም መኪናው ከቦታው አይነቃነቅም፤ ከተማው ነው ከሥሩ የሚዞረው። ካርታው በካሴት ይገባል። ሳተላይት የለም። ስሕተቱን የሚያርመው በብልሃት ነው፦ «መኪናው ታጠፈ፤ እዚህ አካባቢ መታጠፊያ ያለው ይህ መንገድ ብቻ ነው፤ ስለዚህ እዚህ ነን»። አሮጌ የአገር ሽማግሌ በጨለማ መንገድ ሲያገኝ የሚያደርገው ይህንኑ አይደል?

ሳተላይቱ በሌላ በር መጣ። በጥቅምት 1957 ሶቪየት ኅብረት ስፑትኒክን ስታመጥቅ በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የሚሠሩ ሁለት ወጣቶች፣ ጋየርና ዋይፈንባክ፣ ድምፁ ሲቀርብና ሲርቅ የሚያሳየውን ለውጥ እየለኩ መንኮራኩሯ የት እንዳለች አወቁ። ቀጥሎ አለቃቸው ጥያቄውን ገለበጠው፦ መሬት ላይ ሆነን እሷን ካገኘናት፣ የእሷን ቦታ ብናውቅ ራሳችንን እናገኝ የለም? ከዚያ የአሜሪካ ባሕር ኃይል ትራንዚት፣ ከ1978 ጀምሮም ጂፒኤስ ተወለዱ። ከ20 ሺህ ኪሎ ሜትር ከፍታ የሚመጣ የሰዓት ድምፅ ነው፤ ቢያንስ ከ4 ሳተላይት ሲሰማ ቦታ ይሆናል። እነዚያ ሰዓቶች ከእኛ ሰዓት በቀን 38 ማይክሮ ሰከንድ ይቀድማሉ፤ አንስታይን ያስተማረው ሒሳብ ባይገባበት ስሕተቱ በቀን 10 ኪሎ ሜትር ያህል በተጠራቀመ ነበር። መስከረም 1 ቀን 1983 ከመንገዱ የወጣ የኮሪያ የመንገደኞች አውሮፕላን በሶቪየት ተዋጊ ተመትቶ 269 ሰው ሲያልቅ፣ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ሬገን ጂፒኤስ ሲጠናቀቅ ለሲቪል ክፍት እንደሚሆን አስታወቁ። ሆኖም ሠራዊቱ የሲቪሉን ድምፅ ሆን ብሎ ያደበዝዘው ስለነበር ቦታው እስከ 100 ሜትር ይሳሳት ነበር፤ ይህ መጋረጃ የተነሣው በግንቦት 2000 ነው። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ መሪነት ርካሽ ሆነ።

ዋሽንግተን ዲሲ ታክሲ ሲነዱ የኖሩ ወገኖቻችን ከዚያ በፊት የነበረውን ያውቁታል። ከተማዋ በአራት ክፍል ተከፍላለች፤ አንድ ዓይነት የቤት ቁጥርና የመንገድ ስም በአራቱም ሊገኝ ይችላል፤ በላዩ ላይ ላንፋን በ1791 የነደፋቸው ሰያፍ ጎዳናዎችና አደባባዮች አሉ። እስከ 2008 ሒሳቡ በሜትር ሳይሆን በዞን ስለነበር ሹፌሩ የዞኑን ወሰን በቃሉ መያዝ ነበረበት። ከጎጃም ወይም ከወሎ ሄዶ ይህን በጥቂት ወራት የተማረ ሰው ከተማዋን ከብዙ ተወላጆቿ በላይ ያውቃታል። በለንደን ይህን ዓይነቱን ዕውቀት ሳይንስ ፈትሾታል፤ በ2000 ኤሌኖር ማጓየርና ባልደረቦቿ የታክሲ ነጂዎች አንጎል ውስጥ ቦታን የሚያስታውሰው ክፍል ጀርባ ከሌላው ሰው ሰፍቶ እንዳገኙት አሳተሙ። መንገድ በካርታ ላይ ብቻ ሳይሆን በሥጋም ይጻፋል ማለት ነው። አዲስ አበባ ላይ ግን ማሽኑ ገና ሰውን አልረታም። በስልክ ታክሲ ስንጠራ ነጥቡ ደጃችን ላይ ቆሞ ሳለ ሹፌሩ ይደውላል፦ «የት ጋ ነህ?» መልሱም «ከቤተ ክርስቲያኑ አለፍ ብሎ፣ ድሮ ወፍጮ ቤት የነበረበት ጋ» ነው። ወፍጮ ቤቱ ከፈረሰ ቆይቷል። ሹፌሩ ግን ያውቀዋል።

ተለያይተው የኖሩት ሁለቱ ግማሾች እንደገና የተገናኙት በቅርቡ ነው። በ2010 ኦዲ በኤ8 መኪናው መብራቱን ከካርታው ጋር አነጋገረው፤ ሹፌሩ መሪውን ሳያዞር መብራቱ ኩርባ እንደሚመጣ ያውቃል። በ2013 ደግሞ ረጅሙ መብራት በየጎኑ 25 ኤልኢዲ ሆኖ ተከፋፈለ፤ ካሜራ የሚመጣውን መኪና ያያል፣ በእሱ ላይ የሚያርፉትን ብቻ ያጠፋል፣ ሌላው እንደበራ ይቀጥላል። ለሚመጣው ሰው ከብርሃን መካከል የተቆረጠ የጥላ ጃንጥላ ነው። ከኦስራም ባለ ሁለት ክር አምፑል ወዲህ ዕዳው እንዲህ በሙሉ ሊከፈል ቀርቦ አያውቅም። አሜሪካ ይህን የፈቀደችው በየካቲት 2022 ነው፤ የታከርን አይን የሸፈነው ልማድ እስከዚያ ጸንቶ ቆይቷል። በ2020 መርሴዲስ በእያንዳንዱ መብራት 1.3 ሚሊዮን ጥቃቅን መስታወት ከትቶ ማስጠንቀቂያና ምልክት አስፋልቱ ላይ መሳል ጀመረ። ችቦውና የሚጠቁመው ጣት በአንድ እጅ ላይ ሲገናኙ ከ1865 ወዲህ የመጀመሪያቸው ነው።

ከዚህ በኋላ የሚመጣው ራሱን የሚነዳው መኪና ነው። በሌዘርና በራዳር የሚያየው መኪና በጨለማ መብራት የሚያስፈልገው ከሰው ያነሰ ነው። ታዲያ ለምን ያበራል? ለእኛ ነው፤ ለእግረኛው፣ ለባለ ብስክሌቱ፣ መንገድ ዳር ለቆመው ሕፃን። ያ የሠረገላ ፋኖስ ለመታየት እንጂ ለማየት አልነበረም ብዬ ነበር። ከ130 ዓመት በኋላ መብራቱ ወደዚያው ሥራው እየተመለሰ ይመስላል።

ባለፈው ክረምት ከደሴ ስንመለስ ጣርማ በር አፋፍ ላይ ሲመሽብን ጉሙ ወረደ። የሚኒባሱ ሹፌር በቅርቡ ነጭ ኤልኢዲ አምፑል አስገጥሞ ኖሮ ደብረ ሲና ላይ ሲያሞግሰው ነበር። ረጅሙን ሲያበራ ከፊታችን ነጭ ግድግዳ ቆመ፤ አጭሩን ሲያደርግ ግድግዳው ቀረብ አለ። መስታወቱ ላይ የተለጠፈው ስልክ ሰማያዊ ነጥቧን መንገዱ መካከል አድርጎ ቀጥ ብለን እንድንሄድ ነገረን። ገደሉ በየት በኩል እንዳለ አልነገረንም። ሹፌሩ መብራቱን ወደ ትንሿ አወረደና ወደ ረዳቱ ዞር አለ። ምንም አልተባባሉም። ልጁ ጃኬቱን እስከ አንገቱ ዘግቶ ወረደ፤ የአስፋልቱን ነጭ መስመር በጫማው እየረገጠ፣ የስልኩን መብራት ወደ ኋላው ወደ እኛ አዙሮ ከፊት ከፊት ሄደ። ከእሱ በስተቀር የሚታይ ነገር አልነበረም። ከላይ ከባድ መኪና ሲያጓራ ክንዱን ወደ ቀኝ ዘረጋ፤ ተጠጋን፤ መብራቱን ወደሚመጣው አዞረለት፤ አለፈ። ዋሻውን አልፈን ጉሙ ሲሳሳ በሩን ከፍቶ ገባ፤ ፀጉሩ ላይ ውኃ ተንጠልጥሏል።

«ንዳ ጋሼ፤ ከዚህ በኋላ ይታያል» አለ።